በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ጦር ሜዳ የታወቀውን ከተገመተው ይለይ

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በታሪክ የተደረጉ ጦርነቶችን በጥቃቅን የወታደር ቅርጾችና በእጅ በተሠራ መልክዓ ምድር ጠረጴዛ ላይ መልሰው ለሚያቆሙ፣ በደንብ በተጻፈ ሕግም ለሚጫወቱ ሰዎች፣ እንዲሁም ሥራቸውን ለሚመለከተውና ፎቶግራፉን ለሚያትመው ሁሉ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ነው። ሐሳቤም እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ለሕዝብ በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ፣ ሠሪው ከማስረጃ ያገኘው የትኛው እንደሆነ፣ በግምት የሞላውም የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮ ሊቀመጥ ይገባል የሚል ነው። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ሰፋ ያለ ቦታ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

ስለ አንድ ውጊያ የሚጽፍ ሰው በእርግጠኝነት ያላወቀውን ነገር «ይመስላል» ወይም «እንደሚባለው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ብሩሽ የያዘ ሰው ግን ይህ መውጫ የለውም። የወታደሩ ሱሪ ወይ ግራጫ ነው ወይ ነጭ ነው፤ የጎተራው በር ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው፤ በማሳው ላይ ያለው እህል ወይ ቆሟል ወይ ተረጋግጧል። ማስረጃ በሌለበት ቦታም ቢሆን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ከመረጠ በኋላ ደግሞ የተመረመረውም ሆነ የተገመተው እኩል ተቀብቶ፣ እኩል ቫርኒሽ ተደርጎበት፣ እኩል እውነት መስሎ ይቆማል። ተመልካቹ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምንም ምልክት የለም። በዚህ ላይ ሰው ያነበበውን ቶሎ ቢረሳም በዓይኑ ያየው ሸንተረርና በሸንተረሩ ላይ የተሰለፈው ጦር ለብዙ ዓመታት አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ይህ ሥራ ከጽሑፍ ያላነሰ፣ እንዲያውም ከጽሑፍ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻል ምሳሌ ሆኖ የማገኘው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊልያም ሳይቦርን ሥራ ነው። በመሬት ልኬትና በካርታ ሥራ የሠለጠነው ሳይቦርን እ.ኤ.አ. በ1830፣ ናፖሊዮን በእንግሊዝና በአጋሮቿ፣ በተለይም በፕሩሲያ ጦር የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦርነት የሚያሳይ ታላቅ ሞዴል እንዲሠራ ከሠራዊቱ ዋና አዛዥ ከሎርድ ሂል ትእዛዝ ተሰጠው። ወደ ቦታው ሄዶ በጦር ሜዳው መካከል በሚገኘው ላ ኤ ሳንት በተባለው የእርሻ ቤት ለ8 ወራት ተቀምጦ ሸንተረሩን፣ ሸለቆውን፣ መንገዱንና አጥሩን እየለካ መዘገበ። ከዚያም በውጊያው ለተካፈሉ መኮንኖች ደብዳቤ እየላከ፣ ክፍላቸው የት እንደቆመ፣ ከፊታቸው የነበረው ጠላት በምን ዓይነት አሰላለፍ እንደመጣ፣ በማሳው ላይ የነበረው እህል ምን እንደሆነ ጭምር ጠየቃቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መልሶችም ደረሱት። መንግሥት ገንዘቡን ባቋረጠ ጊዜ እንኳ ሥራውን በራሱ ወጪ ቀጠለ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1838 በለንደን ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ ከ70,000 በላይ ጥቃቅን የቆርቆሮ ወታደሮች ተሰልፈውበታል፤ አንዱ ቅርጽም 2 ሰዎችን ይወክላል። ዛሬም በዚያው በለንደን በብሔራዊው የሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ሳይቦርን ለሞዴሉ የመረጠው ጊዜ እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1815 ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ የናፖሊዮን ምርጥ ጦር የሆነው የክብር ዘብ የመጨረሻውን ጥቃት የሰነዘረበት ቅጽበት ነበር። ችግሩ የተነሣውም ከዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እንግሊዞችን ሊረዳ የመጣው የፕሩሲያ ጦር በሜዳው ምሥራቃዊ ክፍል ምን ያህል ገብቶ ነበር? ሳይቦርን በሰበሰበው ማስረጃ መሠረት ፕሩሲያውያኑን በብዛትና ወደ ፊት ገፋ አድርጎ አቆማቸው። ይህ አቀማመጥ ድሉ የማን እንደሆነ የሚናገር ስለነበረ በውጊያው የእንግሊዝ ወገን አዛዥ ከነበረው ከዌሊንግተን ወገን ብርቱ ተቃውሞ ደረሰበት፤ በመጨረሻም ሳይቦርን ከፕሩሲያ ወታደሮች ቅርጾች መካከል የተወሰኑትን አነሣ። ልብ ይበሉልኝ፤ የተጻፈ ቃል አልተሰረዘም፣ የተነገረም አልተካደም፤ ቁመታቸው ከጥፍር የማይበልጥ ቅርጾች ከቦታቸው ተነሡ እንጂ። ሞዴሉን ሊያይ የመጣው ሰው ግን ያ ክርክር ስለመኖሩ ከጠረጴዛው ሊረዳ አይችልም ነበር። ሳይቦርን የተሟላ ጥናት ያደረገ፣ ሀብቱንም ለሥራው የሰጠ ሰው ሆኖ ሳለ ይህ ከደረሰበት፣ እኛ በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራው ሰዎች ከዚህ የባሰ ስሕተት ላይ እንደማንወድቅ ምን ዋስትና አለን?

በደረሱት ደብዳቤዎች ላይም አንድ ነገር ልጨምር። መኮንኖቹ የጻፉት ጦርነቱ ካበቃ 20 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነበርና፣ ጎን ለጎን የቆሙ ክፍሎች አዛዦች እንኳ ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው እርስ በርሳቸው የማይስማማ ነገር ተናግረዋል። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ በባሩድ ጭስ ውስጥ የቆመ ሰው ከራሱ ሻለቃ አልፎ ብዙ አያይም። ሞዴል ሠሪው ግን ከሁለቱ ቃል አንዱን መርጦ ቅርጹን በማጣበቂያ ያቆማል። ምርጫው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምርጫ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። ብዙ ሰው የዚያን ዘመን የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ደማቅ ቀይ ኮት ለብሶ ያስበዋል፤ ቀለም ቀቢውም ከጠርሙሱ ያገኘውን ቀይ እንዳለ ይቀባዋል። በእውነቱ ግን የተራው ወታደር ኮት ማደር ከተባለ ተክል ሥር በሚገኝ ቀለም የተነከረ በመሆኑ ወደ ጡብ የሚያደላ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነበር፤ ኮቺኒል ከሚባል ነፍሳት የሚገኘው ደማቁና ውዱ ቀይ ለመኮንኖች ነበር። በዚያ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት የከረመ ጨርቅ ይነጣል፣ ይጠቁራል፣ በትከሻና በክርን ላይ ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ የቆሙ ወታደሮችን በአንድ ዓይነት ቀይ መቀባት ምንም ያህል ቢያምር እውነት አይደለም። እኔ የምከተለው ዘዴ ለተራ ወታደሮቹ ቀዩን በጥቂት ቡናማ መስበር፣ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ስሄድ ድብልቁን በትንሹ መለዋወጥ፣ ንጹሑን ደማቅ ቀይ ደግሞ ለመኮንኖቹ ብቻ ማስቀረት ነው። ጥቂት ርቆ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ለይቶ ባይናገረውም፣ መኮንኑ ከሰልፉ መካከል ተለይቶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ በጦር ሜዳም የመኮንን ልብስ እንዲሁ የሚለይ ነበር።

የፈረንሳይን እግረኛ መቀባት ከዚህም ይከብዳል። የደንብ ልብሱ መጽሐፍ ሰማያዊ ኮትና ነጭ ሱሪ ያዛል፤ በዘመቻ ላይ ያለው ወታደር ግን ብዙውን ጊዜ ካፖርቱን ደርቦ፣ ሻኮ በተባለው ረጅም ቆቡ ላይ የጨርቅ ሽፋን አድርጎ፣ ባገኘው ሱሪ ይሄድ ነበር፤ ካፖርቱም ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ቦዝ ያለ ሆኖ ይገኛል። ደንቡ ምን እንዳዘዘ የሚነግረን ሰነድ ብዙ ነው፤ አንድ የተወሰነ ሻለቃ በዚያ ጠዋት ምን ለብሶ እንደነበረ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀቢው ሁለት መንገድ አለው፤ ደንቡን ይዞ መቀባት ወይም የዘመቻውን ሁኔታ አመዛዝኖ መቀባት። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ የማልቀበለው ከሁለቱ የትኛውን እንደተከተለ ሳይናገር «ልክ እንደነበረው» ብሎ ማቅረብን ነው።

ሥራውን ለማያውቁት አንባቢዎች አንድ ቅርጽ እንዴት እንደሚቀባ በአጭሩ ባስረዳ ደስ ይለኛል፤ ድካሙን ያላየ ሰው ስለ ኃላፊነቱ የምለውን የተጋነነ አድርጎ ሊወስደው ይችላልና። ከቅርጽ ማውጫው የወጣው ወታደር በጎንና በጎኑ የመጋጠሚያ መስመር ይዞ ስለሚመጣ በቀጭን ሞረድ ይላጋል፤ ቅባቱ እንዲለቅም በሳሙና ይታጠባል። ሲደርቅ ፕራይመር የተባለ የመነሻ ቀለም ይቀባል፤ አክሪሊክ ቀለም በባዶ ብረትና ፕላስቲክ ላይ በደንብ አይዝምና። ዋናዎቹ ቀለሞች በውሃ ቀጠን ተደርገው በሁለትና በሦስት ስስ ንብርብር ይገባሉ፤ አንዴ ወፈር አድርጎ መቀባት የአዝራሩንና የጣቱን ቅርጽ ይደፍነዋል። ከዚያ ውሃ የመሰለ ጠቆር ያለ ቀለም በእጥፋቶቹ ውስጥ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ብርሃን በሚያርፍበት በጉልበት፣ በትከሻና በጉንጭ ላይ ፈዘዝ ያለው ቀለም በብሩሽ ጫፍ ይነካል። በደረት ላይ የሚያቋርጠውን ነጭ ማንገቻ ለመቀባት መጀመሪያ ጠቆር ያለ ግራጫ መስመር ይሰመርና በላዩ ላይ ከዳርና ከዳር የፀጉር ያህል ግራጫ ትቶ ነጩን ማስኬድ ያስፈልጋል፤ እጅ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ መልሶ ከግራጫው መጀመር ነው። የቅርጹ ቁመት 28 ሚሊሜትር በሆነ ጊዜ ያ ማንገቻ ስፋቱ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ቀለሙንም ከእውነተኛው ጨርቅ ፈካ አድርገን የምንቀባው፣ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ኮት በዚህ መጠን ሲቀባ ጥቁር መስሎ ስለሚታይ ነው። ይህም ቢሆን አንድ ዓይነት ግምት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ይሁን እንጂ ከወታደሮቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ለአንድ ኮት አንገትጌ ቀለም ሰነድ ሲያገላብጥ የከረመ ሰው፣ ወታደሮቹን በጠፍጣፋ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አሰልፎ ጦር ሜዳ ነው ሲል ማየት ያሳዝነኛል። የጦርነት ጨዋታ ታሪክ ራሱ ከመሬት ነው የጀመረው፤ ፕሩሲያዊው ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ያቀረበው ጨዋታ ኮረብታና ወንዝ የተቀረጸባቸው፣ እየተገጣጠሙ የሚደረደሩ የመልክዓ ምድር ሰሌዳዎች ነበሩት። በዋተርሉም ዌሊንግተን አብዛኛውን እግረኛ ከሸንተረሩ ጀርባ በሚወርደው ተዳፋት ላይ በማቆሙ፣ የፈረንሳይ መድፍ ሊያየው አልቻለም፤ የፈረንሳይ እግረኛም አቀበቱን ወጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ከፊቱ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም ነበር። ያንን ተዳፋት ከጠረጴዛው ላይ ካነሣነው ጦርነቱ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚያስረዳን ነገር አይኖርም፤ የቀረው የልብስ ትርዒት ብቻ ነው።

መሬቱን ማጥናት ደግሞ ዛሬ ያለውን ቦታ ፎቶግራፍ በማየት አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1826 በዚያው ሜዳ ላይ የአንበሳ ሐውልት የተሸከመ፣ ቁመቱ ወደ 40 ሜትር የሚደርስ ሰው ሠራሽ ጉብታ ተሠርቷል፤ ለጉብታው የሚሆነው አፈር የተቆፈረውም ከዌሊንግተን ሸንተረር ላይ ስለነበረ የሸንተረሩ ቅርጽ በከፊል ጠፍቷል። ሳይቦርን መሬቱን የለካው እንኳ ጉብታው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ሜዳ እንዳለ ገልብጦ ጉብታውን ብቻ ያወጣ ሰው የ1815ቱን መሬት ሠራሁ ሊል አይችልም፤ የጠፋውን ከፍታ በግምት መመለስ ይኖርበታል።

ልኬቱም የራሱ ችግር አለው። ሳይቦርን 1 ማይል መሬት በ9 ጫማ ርዝመት እንዲወከል አድርጎ ስለሠራ፣ በዚያ ልኬት አንድ ሰው 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ቅርጾቹ ግን ከዚያ የጎሉ ናቸው፤ ካልሆኑ ማንም አያያቸውም። በእኛም ጠረጴዛ ላይ ይኸው ነው። 500 ሰው ያለው ሻለቃ በሁለት ረድፍ ሲሰለፍ ወደ 130 ሜትር ገደማ ይይዛል፤ በ24 ቅርጾች ወክለነው በሁለት ረድፍ ስናቆመው ደግሞ በጠረጴዛው ላይ 24 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ከወታደሮቹ ቁመት ጋር የተመጣጠነ 20 ሜትር ርዝመት ያለው ጎተራ ግን ከ30 ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ አንድ ጎተራ ከአንድ ሻለቃ ግንባር ሰፋ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ይህን ለማቃለል ቤቶቹን ከወታደሮቹ ልኬት አሳንሰው ይሠራሉ፤ የሸንተረሩን ከፍታ ደግሞ ጎላ ያደርጉታል፤ በትክክለኛው ልኬት ቢሠራ ለዓይን ሜዳ ነውና። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ሆኖም ተመልካቹ ካልተነገረው ላ ኤ ሳንትን የአንድ ሰፈር ያህል ወይም የአንድ ጎጆ ያህል አድርጎ ይዞ ይሄዳል።

ስለዚሁ እርሻ ቤት ትንሽ ልቆይ። ቤቱን የያዙት 400 ያህል የሚሆኑ በእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግለው የጀርመኖች ክፍል፣ የንጉሡ የጀርመን ሌጌዎን፣ ቀላል እግረኛ ወታደሮች ጥቁር አረንጓዴ ኮት የለበሱና ጥቁር ማንገቻ የታጠቁ ነበሩ፤ ጥይታቸው እስኪያልቅ ተዋግተው አመሻሽ ላይ ቦታው ተወሰደባቸው። ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ስለዘነበ ወታደሮች የጎተራውን ትልቅ በር ሰባብረው እሳት አንድደውበታል፤ በማግስቱ ተከላካዮቹ ያንን ክፍት ቦታ በሰውነታቸው ጭምር ሊዘጉት ተገደዱ። እንግዲህ የጎተራውን በር አሳምሮ ሠርቶ በማጠፊያው ላይ የገጠመ ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን፣ በዚያ ቀን ለብዙ ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነውን ክፍተት ደፍኖታል ማለት ነው። በአንጻሩ በሩን ባዶ ትቶ በግቢው ውስጥ የከሰለ እንጨትና አመድ ያኖረ ሰው አንድ ገጽ ታሪክ ጽፏል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ላይ ራይ የተባለው እህል በማሳው ላይ ረጅም ሆኖ ቆሞ ነበር፤ እግረኛና ፈረሰኛ ሲመላለስበት ውሎ በምሽት ተረጋግጦ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሏል። የቆመውን እህል ከሸካራ የበር ምንጣፍ ጭረት መሥራት ይቻላል፤ የተረጋገጠውን ግን ጭረቱን በአንድ አቅጣጫ አጋድሞ፣ በነጭ ኮላ፣ በደቃቅ አሸዋና በቡናማ ቀለም ድብልቅ ውስጥ ግማሹን መቅበር ያስፈልጋል። ድብልቁ ሳይደርቅ የመድፍ መንኮራኩር ቢንከባለልበት ቦዩ ይወጣል፤ ከደረቀ በኋላ በቦዩ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጠብ ቢደረግበት ውሃ ያቆረ ይመስላል። ሠሪው ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የትኛውን ሰዓት እንደሚሠራ መቁረጥ አለበት። የጠዋቱን እህል ከምሽቱ የክብር ዘብ ጥቃት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማየት ለእኔ የሰው ስም አሳስቶ እንደ መጻፍ ነው።

ይህን የምለው ሰው ጨዋታውን እንዲተው ወይም እንዲፈራው አይደለም። «ጨዋታ ነው፤ ምን ያህል ይከበዳል?» የሚሉ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ለብቻቸው በቤታቸው ለሚጫወቱት ምንም የምለው የለኝም፤ ቀይም ቢቀቡ አረንጓዴ የራሳቸው ነው። ነገር ግን ጠረጴዛው የእውነተኛ ጦርነት ስም ይዞ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት፣ ተማሪዎችና ጎብኚዎች እንዲያዩት በተዘረጋበት ጊዜ፣ በዚያ ቀን ከ40,000 በላይ ሰው ስለሞተበትና ስለቆሰለበት ሜዳ ምስክርነት መስጠቱ ነው። ጽሑፉ ውበቱን ይቀንሳል የሚለውን ክርክርም አልቀበልም። እንዲያውም የጀርባውን ጥናት ያነበበ ተመልካች መልሶ ጎንበስ ብሎ የኮቱን ቀይ ከመኮንኑ ቀይ ጋር ሲያስተያይ፣ የበሩንም ክፍተት ሲፈልግ ይታያል።

ስለዚህ የጠረጴዛ ጦር ሜዳ የሚያሳዩ ሁሉ አንድ ወረቀት ከሥራቸው አጠገብ እንዲያኖሩ እጠይቃለሁ። በወረቀቱ ላይ የተመረጠው ሰዓት፣ አንዱ ቅርጽ ስንት ሰው እንደሚወክል፣ የመሬቱና የቤቶቹ ልኬት፣ ከፍታው ጎላ ተደርጎ እንደሆነ፣ ልብሱ በደንቡ ወይስ በዘመቻው ሁኔታ እንደተቀባ፣ ምስክሮች የተለያዩበት ቦታም የትኛው እንደሆነና ሠሪው የማንን ቃል እንደተከተለ ይገለጽ። ከአንድ ገጽ አያልፍም። ከእናንተ ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ደግሞ እንዲህ ያለ ሥራ ፎቶግራፍ ስታትሙ «የዋተርሉ ጦርነት» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ፣ ከሥዕሉ ሥር ቢያንስ ሰዓቱንና ልኬቱን፣ ከተቻለም ሠሪው በግምት የሞላውን አንድ ነገር እንድትጨምሩ ነው። ሠሪው ሲጠየቅ ለመመለስ የሚቸገር አይመስለኝም፤ ለእያንዳንዷ ግምት ስንት ምሽት እንደተጨነቀባት የሚያውቀው እሱ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ